መልስ፦ ካቴተሩ በማግኔት የሚገኘው እንዴት ነው? ካርታውስ ለምን ይዛነፋል?

የልብ ምት መዛባትን በማቃጠል ለማከም ወደ ልብ የሚገባው ቀጭን ቱቦ (ካቴተር) ጫፉ የት እንዳለ ኤክስሬይ ሳይበራ ኮምፒውተሩ እንዴት እንደሚያውቅና በጫፉ ነጥብ በነጥብ የሚሠራው የልብ ካርታ በመሃል ለምን እንደሚዛነፍ ጠይቀሃል።

ከአልጋው ሥር ያሉ ኮይሎች (የሽቦ ጥቅሎች) እያንዳንዳቸው በተለያየ ፍሪኩዌንሲ ደካማ ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራሉ። መስኩ በካቴተሩ ጫፍ ባለው ትንሽዬ ኮይል ላይ እጅግ አነስተኛ ቮልቴጅ ያመነጫል። ፍሪኩዌንሲው ስለሚለያይ የትኛው ምልክት ከየትኛው ምንጭ እንደመጣ ይለያል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የመስኩ ጥንካሬ ወደ 1/8 ገደማ ስለሚወርድ፣ ከምልክቶቹ መጠን ቦታውና አቅጣጫው ይሰላል። በጥሩ ሁኔታ ስህተቱ 1 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የጫፉ ዳሳሽ አንድ ኮይል ብቻ ከሆነ ግን ካቴተሩ በራሱ ዘንግ ላይ መዞሩን አያይም፤ ለዚያ አቅጣጫው የተለየ ሌላ ኮይል ያስፈልጋል።

ለመዛነፉ መጀመሪያ የምጠረጥረው የሕመምተኛውን መንቀሳቀስ ነው። ቦታው የሚለካው ጀርባ ላይ ከተለጠፈው ማጣቀሻ ዳሳሽ አንጻር ስለሆነ፣ ዳሳሹ ከቆዳው ከተላቀቀ ወይም ሰውየው ከተገላበጠ ካርታው በሙሉ ይሸሻል። ቀጥሎ ብረት፦ የኤክስሬዩ መቀበያ ወደ ደረት ሲጠጋ በውስጡ የሚነሳው አዙሪት ኤሌክትሪክ መስኩን ያጣምማል፤ ስለዚህ ለካርታው ነጥብ ስትወስድ መቀበያውን አርቀው። የልብ ምትና ትንፋሽም ጫፉን ያንቀሳቅሳሉ። ነጥቡን ሁልጊዜ በኢሲጂው (የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት በሚያሳየው መስመር) አንድ ዓይነት ቅጽበት ላይ፣ ትንፋሽ ሲወጣ መጨረሻ ላይ መውሰድ ይሻላል።

ሥራው ሲጀመር የኮሮናሪ ሳይነስን (ከልብ ጡንቻ ደም የሚመልሰውን ደም ሥር) አፍ በካርታው ላይ ምልክት አድርግበት። በየመሃሉ ተመልሰህ ንካው፤ በብዙ ሚሊሜትር ከሸሸ ማቃጠሉን አቁምና ካርታውን እንደገና ሥራ።