ፋኖሱ ይቆይ

የግቢና የመናፈሻ ንድፍ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆች አንድ ነገር ልበላችሁ። "የጃፓን ጋርደን ሥራልኝ" የሚል ደንበኛ መምጣቱ አይቀርም። ስልኩን አውጥቶ የድንጋይ ፋኖስ፣ ቀርከሃና ቀይ ድልድይ ያሳያችኋል። ይህን ገዝቶ መደርደር ማንም ያውቅበታል። እናንተ መማር ያለባችሁ መደበቅን ነው።

ኪዮቶ ውስጥ፣ በከተማዋ ሰሜን በኩል፣ ኤንሱጂ የሚባል የቡድሂስቶች ቤተ መቅደስ አለ። ግቢው ትንሽ ነው። ጥቂት ድንጋዮች አሉት፤ ዳሩ ላይ እኩል የተከረከመ የቁጥቋጦ አጥር አለ። ከአጥሩ ማዶ፣ በረጃጅም ዛፎች መካከል፣ የሂዬ ተራራ ይታያል። አጥሩ ለሌባ የቆመ እንዳይመስላችሁ። በግቢውና በተራራው መካከል ያለውን ሁሉ የሚሸፍነው እሱ ነው። ዝቅ ቢል የሰው ጣሪያ ብቅ ይላል፤ ከፍ ቢል ተራራው ይጠፋል። ልክ ቁመቱን ሲያገኝ ግን ያ ሁሉ ርቀት ይረሳና ተራራው የግቢው አካል ሆኖ ቁጭ ይላል።

ግቢው ተራራውን ተዋሰው ማለት ነው። መቼም የተዋሱት ነገር ያሳስባል። ፊት ለፊት አንድ ፎቅ ቢቆም ግቢው አለቀለት። ለዚህም ነው የኪዮቶ ከተማ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የእይታ ጥበቃ ደንብ ውስጥ ይህን ቦታ ያስገባው።

የቻይና የተራራ ሥዕሎችንም እዩ። ቻይናዊው ፋን ኩዋን በ1000 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ሐር ላይ የሣለው ተራራ ታይዋን፣ ታይፔ ሙዚየም ውስጥ አለ። የሥዕሉ ቁመት ከ2 ሜትር ይበልጣል። ታች፣ ፈልጋችሁ የምታገኟቸው ሰዎች የተጫኑ በቅሎዎች ይነዳሉ። የሠዓሊው ፊርማ ራሱ እዚያው አጠገብ ቅጠል ውስጥ ተሸሽጎ የተገኘው በ1958 (እ.ኤ.አ.) ነው! እኔን የሚገርመኝ ግን ከተራራው ግርጌ ያለው ጭጋግ ነው። ቀለም እምብዛም ያልነካው ሐር ነው። መካከለኛውን መሬት ስለሚውጠው ተራራው ርቆ፣ ገዝፎ ይታያል። የኤንሱጂ አጥር የሚሠራውም ይህንኑ ነው።

እዚያው ኪዮቶ ያለውን የሌላ ቤተ መቅደስ ግቢ፣ የርዮአንጂን፣ 15 ድንጋዮች ሁሉም ስለሚያወራላቸው እኔ አልፌያቸዋለሁ።

እንግዲህ የደንበኛችሁ ግቢ ስትገቡ መጀመሪያ እሱ የሚቀመጥበት ቦታ ተቀመጡ። ቆሞ የሚታየውና ተቀምጦ የሚታየው አንድ አይደለም። ከአጥሩ ማዶ ምን አለ? ዛፍ? ኮረብታ? የጎረቤት ታንከር? ሁለት ሰው ገመድ ወጥሮ ከፍ ዝቅ ያድርግላችሁ። ታንከሩ ጠፍቶ ኮረብታው ሲቀር "በቃ፣ እዚያ ጋ!" በሉና ቁመቱን ጻፉ። ፋኖሱን ደንበኛው ሙጭጭ ካለ በመጨረሻ ትገዙለታላችሁ።