መልስ፦ የቀዶ ጥገናው ምስል አዲስ አበባ እስኪደርስ ለምን ይቆራረጣል?

ችግሩ ካሜራው አይደለም፤ አፕሎዱ ነው፤ ማለትም ኢንተርኔትህ ወደ ውጭ የሚልክበት ፍጥነት። ከጎንደር የምትልከው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ጥገና የቀጥታ ምስል አዲስ አበባ ያለው አማካሪህ ጋ የሚቆራረጠው ለዚህ ነው። "ዳውንሎዴ 40 ሜጋ ቢት ነው" ብለሃል፤ እሱ የምትቀበልበት ፍጥነት ነው፤ እዚህ አይጠቅምህም። አፕሎዱን ለካ፤ ያውም ቀዶ ጥገናው በሚሠራበት ሰዓት።

1. የምስሉን ጥራት ከ4ኬ ወደ 1080 ዝቅ አድርገው። በሰከንድ 5 ሜጋ ቢት አካባቢ ይበቃዋል።

2. ራውተሩ በሲም ካርድ የሚሠራ ከሆነ መስኮት ዳር አድርገው። ከዚያ እስከ ላፕቶፑ በኬብል ሳበው፤ ዋይፋዩን እርሳው።

3. ድምፁን በሌላ ስልክ፣ በተራ ጥሪ አድርገው። ምስሉ ቀጥ ቢል እንኳ አማካሪው አይጠፋብህም።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ምስላችን ሁለት ሰከንድ ያህል ይዘገይ ነበር። የዓይኑ ሌንስ ሽፋን በሚቀደድበት ሰዓት አማካሪው "ቁም!" አለ። ደግነቱ ሐኪሙ ራሱ ቀድሞ ቆሟል። ስለዚህ በሽተኛው ከመግባቱ በፊት ማይክሮስኮፑ ሥር የእጅ ሰዓት አስቀምጥና አማካሪው የሚያየውን ሰከንድ በስልክ ይቁጠርልህ። ከግማሽ ሰከንድ በላይ ከዘገየ አማካሪው ይመልከት እንጂ እጅህ የእሱን ትእዛዝ አይጠብቅ።