«የእንስሳት ታሪክ» ትክክል ነው?

ጥያቄ፦ አንዱ የግሪኩ ፈላስፋ የአርስቶትል ሥራ በአማርኛ «የእንስሳት ታሪክ» ሲባል አያለሁ። ውስጡ ግን የሚያወራው ስለ ዓሣ፣ ስለ ንብና ስለ እንቁላል ነው። ታሪኩ የቱ ጋ ነው?

መልስ፦ መጠርጠርዎ ልክ ነው። ርዕሱ ላይ ያለው የግሪክ ቃል «ሂስቶሪያ» ነው። በአርስቶትል ዘመን (384–322 ከክርስቶስ ልደት በፊት) ቃሉ ጠይቆና አይቶ ማጣራት፣ በማጣራት የተገኘውንም እውቀት ያመለክት ነበር። ከእሱ በፊት ሄሮዶቱስ የግሪክንና የፋርስን ጦርነት የጻፈበትን ሥራውን የጠራው በዚሁ ቃል ነው። የእኛ «ታሪክ» ግን ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ መነሻው ዘመን መቁጠር ነው።

የአርስቶትልን መጽሐፍ ገልጠው ስለ ዶሮ እንቁላል የጻፈውን ይዩት። ከሦስት ቀንና ሌሊት በኋላ የጽንሱ ምልክት ይታያል ይላል። ልብ እንደ ደም ነጠብጣብ ሆና ብቅ ትላለች፤ ነፍስ እንዳለው ነገር ትመታለች፣ ትንቀሳቀሳለች። እንዲህ ያለውን ነገር እንቁላል ሰብሮ ያላየ ሰው አይጽፈውም። ይህን «ታሪክ» ማለት ድካሙን ይሸፍንበታል፤ እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

አርስቶትል ነገሩ «እንዲህ መሆኑን» ማወቅንና «ለምን እንዲህ እንደሆነ» ማወቅን ይለያል። መጀመሪያ ያለውን ሰብስብ፣ ምክንያቱን ከዚያ ፈልግ ነው የሚለው። ይህ መጽሐፍ በአብዛኛው ያለውን የመሰብሰቡ ሥራ ነው። ምክንያቱን በሰፊው የሚፈልገው ስለ እንስሳት የአካል ክፍሎች በጻፈው በሌላው ሥራው ነው።

ታዲያ ምን እንበለው? በሥሩ የሚቀርበው «ሐተታ» ነው፤ በግእዝ «ሐተተ» ጠየቀ፣ መረመረ ማለት ነውና። ዛሬ ግን «ሐተታ አታብዛ፣ ወደ ነገሩ ግባ» እንላለን። ቃሉ ወደ ወሬ ማርዘም አድልቷል። «ምርመራ» ብንል ደግሞ ፖሊስና ክሊኒክ ይመጣብናል። የሚሻለው «ምርምር» ነው። እሱም ቢሆን አቀማመጡ ይታሰብበት፤ «የእንስሳት ምርምር» ካሉ ሰው የሚመጣለት የከብት እርባታ ማዕከል ነው። እኔ «ስለ እንስሳት የተደረገ ምርምር» እላለሁ። ረዘም ይላል፤ ግን አያሳስትም።

«የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም» የሚለውም የዚሁ የ«ሂስቶሪያ» ዘመድ ነው። እሱ ግን በሰው አፍ ገብቷል፤ እሱን አንነካካው።