«በመዝገባችን ዋጋው ዜሮ ነው»

እህቴ፣ «የከተማውን ቋሚ ንብረት መዝግባችሁ የአምስት ዓመት የካፒታል ዕቅድ (ምን እንደሚተካና ምን አዲስ እንደሚሠራ) አውጡ ተባልን፤ የትኛውን ሶፍትዌር እንግዛ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ለጊዜው ምንም አትግዢ። ማዘጋጃ ቤት ኢንጂነሪንግ ክፍል ስሠራ እጄን የተቃጠልኩበት ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝመው።

1. ጥቂት ነገር መዝግቢ። እኛ የጀመርነው ከሶፍትዌር ነው። ለአንድ ንብረት ስልሳ ምናምን ሳጥን ያስሞላል። ልጆቹ ታብሌት ይዘው ወጡ፤ የመንገድ ዳር አግዳሚ ወንበር ሳይቀር ቀለሙንና የብሎኑን ብዛት ሞሉ። ሁለት ዓመት ፈጅተን የከተማውን ሩብ እንኳ አልጨረስንም። መጀመሪያ የተቆጠረው ሰፈር መረጃ ደግሞ እስከዚያ አረጀ። መጀመሪያ በ2014 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2024 የታደሰው ዓለም አቀፉ የንብረት አስተዳደር ደረጃ፣ አይኤስኦ 55001፣ ራሱ ይሄን ሶፍትዌር ግዙ አይልም። ዛሬ ብጀምር ስድስት ነገር ብቻ ነው የምይዘው፦ መለያ ቁጥር፣ ቦታ፣ የተሠራበት ዓመት፣ ልኩ፣ ያለበት ሁኔታ (1 በጣም ጥሩ፣ 5 ያለቀለት)፣ ዛሬ ለመተካት የሚፈጀው ገንዘብ። ኤክሴል ይበቃሻል።

2. ያቺን የመጨረሻዋን፣ የመተኪያውን ገንዘብ፣ እንዳትዘልያት። እኔን መከራ ያሳየችኝ እሷ ናት። ፋይናንስ የሚይዘው ንብረቱ የተገዛበትን ዋጋ ነው። በየዓመቱ ለእርጅና እያለ ከዋጋው ይቀንሳል፤ ቀንሶ ሲጨርስ መዝገቡ ላይ ዜሮ ይሆናል። አንድ የውሃ ፓምፕ ነበረን። ዘይት ያንጠባጥባል፤ ከሥሩ ባልዲ ደቅነንለት ሌት ተቀን ይሠራል። መቀየሪያ በጀት ልጠይቅ ፋይናንስ ሄድኩ። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ይሄ እኮ በመዝገባችን ዋጋው ዜሮ ነው፤ ለሌለ ንብረት በጀት አይጠየቅም» አለኝ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ሦስት ጊዜ ያንኑ ዜሮ አሳየኝ። በአራተኛው ወር ፓምፑ ቀጥ አለ። በአስቸኳይ ግዢ፣ ያለ ጨረታ ስንገዛው እኔ ከጠየቅኩት እጥፍ ወጣበት። የክፍያውን ወረቀት የፈረመው ማን ይመስልሻል? ያው ሰውዬ!

በንዴት ቁጭ ብዬ ኢፕሳስን፣ ዓለም አቀፉን የመንግሥት ሂሳብ አያያዝ ደረጃ፣ አነበብኩ። ለካ የንብረቱ ቀሪ ዕድሜ በየዓመቱ መከለስ አለበት። የሚሠራ ፓምፕ ዜሮ ላይ የተቀመጠው ከላሽ ስለጠፋ ነው። እንግዲህ የእናንተም ፋይናንስ ዜሮውን ማምጣቱ አይቀርም፤ ኢፕሳስን ይዘሽ ግቢ።

ሦስተኛ ልል የነበረው ቅደም ተከተሉን ነው። ያረጀውን ሁሉ በአንዴ ለመተካት አትሩጪ። «ቢቆም ማን ይጎዳል?» በይ። ደረጃ 5 ላይ ያለ የመጋዘን ጣሪያና ደረጃ 3 ላይ ያለ፣ ለሆስፒታል ብቸኛ የሆነ የውሃ መስመር ቢቀርብልኝ መስመሩን አስቀድማለሁ። አስፋልትም ላይ የፈረሰው ብቻ ይቅደም ሲሉሽ እሺ አትበይ። እዚያ ስትሮጪ ደህናው መንገድ ላይ ያለው ስንጥቅ ሳይደፈን ይቀራል፣ ውሃ ይገባል፣ ሥሩ ይላላል። ከዚያ በኋላ ከላይ አስፋልት ማልበስ አያድነውም፤ ከመሠረቱ መሥራት ነው።

ደግሞ አዲስ ግንባታ ሲመጣ «መደበኛ በጀቱ ላይ በየዓመቱ ስንት ይጨምራል? ማን ይጠግነዋል?» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። አይወዱሽም። ሪባን የሚቆረጠው ለአዲሱ ነው፤ ለተጠረገ ቦይ ሪባን የቆረጠ ሹም እስካሁን አላየሁም።

እኔ ኤክሴሌ ላይ ሰባተኛ ዓምድ ጨምሬያለሁ፤ «ቢቆም ማን ይጎዳል» ይላል። አሁን በጀት ሲደርስ ያ ሰውዬ ራሱ ደውሎ «ያንን ኤክሴልህን ላክልኝ» ይለኛል። የፓምፑን ረድፍ ቢጫ ቀብቼ እልክለታለሁ።