ስልኩን ከማንሳትሽ በፊት

«ሳይኮሎጂ ተመርቄያለሁ። በወረርሽኝ ጊዜ ለጤና ባለሙያዎች በስልክና በቪዲዮ የስነ ልቦና ድጋፍ የሚሰጥ ቡድን ሊቀጥረኝ ነው። ግን ሆስፒታል ሠርቼ አላውቅም። ‹ይቺ ደግሞ ምን ታውቃለች?› እንዳይሉኝ ፈራሁ። ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?» ብለሽ ጠይቀሻል።

ግቢበት እህቴ። ሰው በጣም ይፈለጋል። ኮቪድ በተቀሰቀሰበት በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ቻይና ውስጥ ከ34 ሆስፒታሎች 1,257 የጤና ባለሙያዎች ተጠይቀው ነበር። ግማሽ ያህሉ የድብርት ምልክት ታይቶባቸዋል።

ሆስፒታል አለመሥራትሽ ያን ያህል አያስጨንቅሽ። የማታውቂውን ጠይቂያቸው፣ ያስረዱሻል። የሚደውሉልሽን ሰዎች የሚያሳስባቸው ሌላ ነው፦ «ይሄን አለቃዬ ይሰማል? የሥራ ፈቃዴን ያሳጣኛል?» ስለዚህ ምን እንደሚመዘገብ፣ ማን እንደሚያየውና ምስጢር መጠበቅ የማይቻለው መቼ እንደሆነ ገና ሲጀመር በግልጽ ንገሪያቸው። የት እንዳሉ፣ አጠገባቸው ሰው መኖሩን፣ መስመሩ ቢቋረጥ በየትኛው ቁጥር እንደምትደውይም ያኔውኑ ጠይቂ።

አንዲት ነርስ ከአዳር ተራ ወጥታ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ሆና ደወለች እንበል። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ትልሻለች። ወዲያው የአተነፋፈስ ልምምድ ልታስተምሪያት ይቃጣሽ ይሆናል። ቆይ! ትንሽ ብትታገሺ፣ ቤተሰቡ እንዳይገባ ተከልክሎ ለብቻው ስለሞተው በሽተኛ፣ የቤተሰቡን መሰናበቻ እንዲሰማ ስልክ ጆሮው ላይ ስለያዘችለት፣ ትነግርሽ ይሆናል። ዝም ካለች እያለቀሰች ይሁን መስመሩ ተቋርጦ አታይም። «አለሁ፣ አትቸኩዪ» በያት። ዝርዝሩን እንድትደግመው ግን አትጎትጉቻት። የዓለም ጤና ድርጅትም ሰውን ተጭኖ የደረሰበትን ማስተረክን አይመክርም።

ሌላው ነገር፣ ሁሉም ጭንቀት በምክር አይፈታም። ደዋዮችሽ ደጋግመው ማስክ እንደሌላቸውና የእረፍት ቀን እንዳጡ ከነገሩሽ፣ ችግሩ ያለው እነሱ ጋ አይደለም። ስም ሳይጠቀስ ለአስተዳደሩ የሚደርስበት መንገድ መኖር አለበት። እኔ በዚህ አልደራደርም።

ከመፈረምሽ በፊት ቀጣሪዎችሽን ጠይቂ። ራሴን አጠፋለሁ የሚል ሰው ቢደውል በዚያች ሰዓት ለማን ነው የማስተላልፈው? በአንድ ተራ ስንት ሰው አነጋግራለሁ? በየሳምንቱ ከባድ ጉዳዮችን አብሮኝ የሚያይ ልምድ ያለው ሱፐርቫይዘር አለ? ለመጨረሻው ጥያቄ «ቆይተን እናየዋለን» ካሉሽ አትፈርሚ። ሌላ ቡድን ፈልጊ።