አዘዞ መንገድ ላይ ለወለቀው ጎማ ተጠያቂው ማን ነው?

ጥያቄ፦ በፈረንጆች 2013 የተሠራ ቶዮታ 86 አለኝ። በቴሌግራም አዲስ አበባ ካለ ነጋዴ 18 በ9.5 ኢንች የሆነ፣ ኦፍሴቱ (መግጠሚያው ፊት ከቸርኬው ወርድ መሃል የሚርቅበት ሚሊ ሜትር) 22 የሚል ቸርኬ ከ255/35 ጎማ ጋር ገዝቼ እዚሁ ጎንደር አንድ ጋራዥ አስገጠምኩ። ዳዶውን ያቀረበው ጋራዡ ነው። በሳምንቱ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስወርድ የኋላ ግራ ጎማ ወልቆ ዳር ላይ የቆመ ባጃጅ ገጨ። ሰው አልተጎዳም። ባለባጃጁ እኔን ይጠይቃል፤ ጋራዡ «ቸርኬው ነው፣ ሻጩን ጠይቅ» ይለኛል፤ መድን ድርጅቴ ደግሞ ሳላሳውቅ ጎማ በመቀየሬ አልከፍልም እያለ ነው። ማንን ልክሰስ? የሚቀጥለውን ቦሎስ አገኛለሁ? (ከማራኪ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ለባጃጁ ባለቤት ከፋዩ እርስዎ ነዎት። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤትን ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። ማምለጫዎቹ ጠባብ ናቸው፤ መኪናው በወቅቱ ተሰርቆ እንደነበር ወይም ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ በተጎጂው ጥፋት መድረሱን ማስረዳት ይኖርብዎታል። እርስዎ ዘንድ ሁለቱም የሉም። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ጉዳቱ እኩል ይከፈላል የሚለውን ቁጥር 2084 ይዘው ግማሹን ላካፍል እንዳይሉ። ቆሞ የነበረ ባጃጅ ለአደጋው ምንም አላዋጣም፤ ያው ድንጋጌም ጥፋቱ የአንዱ ወገን መሆኑ ሲረጋገጥ እኩሌታውን ያስቀረዋል።

ስለዚህ ክርክርዎ መሆን ያለበት ከከፈሉ በኋላ ከማን ያስመልሳሉ በሚለው ላይ ነው። ይህን የሚመልሰው ደግሞ ብረቱ ነው። የወለቀውን ጎማ፣ የቀሩትን ዳዶዎችና የተጎዱትን ብሎኖች ለማንም አይስጡ፣ በተለይ «አምጣው በነፃ እንሥራልህ» ለሚልዎ ጋራዥ። ፎቶ አንስተው፣ ከረጢት ውስጥ አሽገው፣ ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡ።

ጎንደር ላይ «የቶዮታ ዳዶ» ብለው ቢጠይቁ የሚቀርብልዎ የኮሮላው፣ የቪትዙና የሃይሉክሱ 12 በ1.5 (ውፍረቱ 12፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር) ነው። 86 ግን የቶዮታ ስም ይያዝ እንጂ የተሠራው በሱባሩ ፋብሪካ ስለሆነ ብሎኑ 12 በ1.25 ነው። የ1.5 ዳዶ በዚህ ብሎን ላይ በእጅ ሁለት ዙር ያህል ይሄድና ይነክሳል። በእጅ የሚሠራ ባለሙያ እዚያ ላይ ያቆማል፤ በአየር መፍቻ የሚመታው ግን ጥርሱን እየላጨ ያስገባዋል፣ የጠበቀም ይመስላል። ከጥቂት ቀን በኋላ ጥርስ የሌለው ዳዶ ተንሸራትቶ ይወጣል። ብሎኑ ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ ጥርሱ ግን የተላጨ ከሆነና ዳዶው ውስጥ የብረት ቅራፊ ካለ፣ ጥፋቱ ዳዶውን አቅርቦ የገጠመው ጋራዥ ነው። በእኔ ግምት የእርስዎ ጉዳይ ይህ ነው።

ብሎኑ ተቆርጦ ከሆነ ነገሩ ይለያል። የተቆረጠውን ፊት በአጉሊ መነጽር ይዩት። ከፊሉ ለስላሳና እንደ ቀለበት መስመር የተደራረበበት፣ ከፊሉ ሻካራ ከሆነ፣ ብሎኑ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ደክሞ ነው የተሰበረው። የቸርኬው ቀዳዳዎች ወደ እንቁላል ቅርጽ ሰፍተው ከሆነ ደግሞ ጎማው ላልቶ ሲጫወት ቆይቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ጋራዡ «ተመልሰህ አላስጠበቅህም» ይላል። አዲስ ቸርኬ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ በድጋሚ መጥበቅ እንዳለበት እውነት ነው፤ የዚህ መኪና ዳዶ የሚጠብቅበት ልክም 120 ኒውተን ሜትር ነው። ግን ይህን ለደንበኛው የመንገር ግዴታ ያለበት ባለሙያው ነው። ደረሰኙ ላይ አልጻፈውም፣ አልነገረዎትም ከሆነ መከላከያው ቀጭን ነው።

ሌላው የመሃል ቀዳዳው ነው። የ86 እምብርት 56.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን ብዙ ትርፍ ቸርኬዎች ግን 73.1 ናቸው። መካከሉን የሚሞላ ቀለበት ካልተደረገ ቸርኬውን መሃል ላይ የሚይዙት ዳዶዎቹ ብቻ ስለሆኑ ይንቀጠቀጣል፣ ይላላል። ቀለበት መኖር አለመኖሩን አሁኑኑ በቀሩት ሦስት ጎማዎች ያረጋግጡ። ከቸርኬው ጀርባ ስፔሰር (ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚያርቅ ጠፍጣፋ ብረት) ተደርጎ ከሆነም ይመዝገብ። ዳዶው ብሎኑን ቢያንስ 12 ሚሊ ሜትር መያዝ አለበት፤ በ1.25 ጥርስ ወደ 10 ዙር ይሆናል።

ሻጩን በተመለከተ፦ የፋብሪካው ቸርኬ 17 በ7፣ ኦፍሴት 48 ነው። እርስዎ የገዙት ወደ ውስጥ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲጨምር ወደ ውጭ ግን 58 ሚሊ ሜትር ይገፋል። ጎማው ከፓራፋንጎው አልፎ መውጣቱና ኩሽኔታው ላይ ጫና መጨመሩ አይቀርም። ይህ ግን ቸርኬውን «ጉድለት ያለበት ዕቃ» አያሰኘውም፤ ለሌላ መኪና ደህና ዕቃ ነውና። ሻጩን በቁጥር 2287ና በተከታዮቹ ድንጋጌዎች ለመያዝ ለ86 እንዲሆን ብለው እንደገዙት ማስረዳት አለብዎ። ቴሌግራሙን መለስ ብለው ይዩ። «ለ86 ይሆናል?» ብለው ጠይቀው «ይሆናል» ብሎዎት ከሆነ፣ መልእክቱ በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት ማስረጃ ይሆናል። የስክሪን ፎቶ ብቻ አይበቃም፤ መልእክቱ በስልኩ ላይ ይቆይ። «ባለ አምስት ቀዳዳ፣ 100» (የብሎን ቀዳዳዎቹ ብዛትና የክባቸው ስፋት በሚሊ ሜትር) ብቻ ብሎ ከሸጠልዎ ግን ሻጩን ይተዉት፤ ጊዜዎን ይበላል።

ጋራዡን የሚይዙት በውል ነው። ሥራውን በራሱ ኃላፊነት ሠርቶ ውጤቱን ለማስረከብ ተስማምቷል (ቁጥር 2610)። ከመክሰስዎ በፊት በቁጥር 1772 መሠረት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡት፦ መቼ እንደገጠመ፣ ምን እንደከፈሉ፣ ምን ዳዶ እንዳቀረበ፣ ምን እንደደረሰ፣ በስንት ቀን ውስጥ ምን እንዲከፍል እንደሚፈልጉ። ቅጂው ላይ ያስፈርሙ፤ አልፈርምም ካለ በሁለት ምስክር ፊት ይስጡት። ከዚያ የብረቱን ሁኔታ ከዚህ ጋራዥ ጋር ግንኙነት የሌለው ባለሙያ አይቶ በጽሑፍ አስተያየት ይስጥ፤ የትራፊክ ፖሊሱ ያነሳውን ፕላንም ቅጂ ይውሰዱ። ባለባጃጁ ቀድሞ ከከሰሰዎ ደግሞ ሁለት ክስ ማካሄድ አይጠበቅብዎትም፤ መከላከያ መልስዎን ሲያቀርቡ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 43 መሠረት ጋራዡ ወደ ክርክሩ እንዲገባ ይጠይቁ።

ከባለባጃጁ ጋር መስማማት ይሻላል። የጥገናውን ዋጋ በፕሮፎርማ፣ የቆመበትን ቀን ገቢ ደግሞ በትክክል ለጥገና በፈጀው ጊዜ ልክ ያስሉ። ነገር ግን መድን ድርጅቱ ሳያውቅ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው አይፈርሙ፤ ብዙ ፖሊሲዎች ይህን ይከለክላሉ።

መድኑ ጋ ያለው አቋምዎ ከሁሉም ደካማው ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል፣ አዲሱ የ2013 ሕግ ሳይሽረው የቀረው፣ አደጋን የሚያባብስ ለውጥ ሲኖር መድን ገቢው እንዲያሳውቅ ያዝዛል። «የወለቀው በዳዶው ነው፣ በስፋቱ አይደለም» የሚለው መልስ ይረዳል እንጂ ብቻውን አይበቃም። በቃል የተነገረዎትን እምቢታ በጽሑፍ ይጠይቁና የትኛውን የፖሊሲ አንቀጽ እንደሚጠቅሱ ይዩ። የ3ኛ ወገን ሽፋኑን ግን ከራስዎ መኪና ጥገና ጋር አንድ ላይ እንዲጥሉብዎ አይፍቀዱ፤ ለሁለቱ የተለያየ ጥያቄ ያቅርቡ።

ቦሎው፦ ቸርኬ መቀየር ሊብሬው ላይ ያለውን የሻሲና የሞተር ቁጥር አይነካም። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ሥር በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ የሚታየው ደህንነቱ ነው። ከአካሉ የወጣ ጎማ ይዘው አይሂዱ። ፓራፋንጎውን ቆርጠው ቦታ ለመስጠትም አያስቡ፤ ያ የአካል ለውጥ ነው፣ ሌላ ጥያቄ ይከፍታል። ሰፋ ያለ ጎማ የግድ ካሉ 17 በ8፣ ኦፍሴት 45 ቸርኬ ከ225/45 ጎማ ጋር ያድርጉ። ወደ ውጭ 16፣ ወደ ውስጥ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይጨምራል፤ የጎማው ቁመት ከፋብሪካው የሚለየው በ1.4 በመቶ ነው። ጎኑም 10 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የጎንደርን ኮብልስቶን ከ255/35 የተሻለ ይችላል። ያገለገለ ጎማ ሲገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት አሃዞች ያንብቡ፤ 2319 ማለት በፈረንጆች 2019 23ኛው ሳምንት፣ በእኛ 2011 ማለት ነው። ሻጩ «የ19 ነው» ሲልዎ የቱን ዘመን እንደሚቆጥር ይጠይቁት።

እስኪስተካከል ድረስ መኪናውን አይንዱ፣ በተለይ በደባርቅ በኩል ሊማሊሞን ለመውረድ። አንዴ ጎማ እንደወለቀ እያወቁ በዚያው ቢነዱና ሰው ቢጎዳ፣ ጉዳዩ ከካሳ ወደ ወንጀል ሕግ ቁጥር 559 ይሻገራል፤ ሰው ከሞተ ወደ 543። ግልጽ ደንብ ሆን ተብሎ ተጥሶ ሞት ከደረሰ የ543 ንዑስ አንቀጽ 3 ቅጣት ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው።

ባለባጃጁ ከውል ውጭ ኃላፊነት ክስ ለማቅረብ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንስቶ 2 ዓመት አለው (ቁጥር 2143)። እርስዎ ግን ያን ያህል አይጠብቁ፤ ብረቱ ዝገት ሳይይዝ ባለሙያው በዚህ ሳምንት ይየው።