አየር ማጣሪያ ጅማ ላይ፦ ያጠራል፣ ግን ይቆያል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያነበብኩት ትናንት ማታ ልጆቹን ካስተኛሁ በኋላ ነው። የአራት ዓመት ልጅሽ አስም እንዳለበት፣ ወንድምሽ ከአሜሪካ ሲመጣ የቤት አየር ማጣሪያ ይዞ ሊመጣ እንዳሰበ፣ ጎረቤትሽ ግን «ስድስት ወር ሳይሞላው ይበላሻል፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ» እንዳለችሽ ጽፈሻል። እኔም የምኖረው እዚሁ ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ነው። ልጄ አስም አለባት የተባለው በሁለት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ስምንት ሞልቷታል። በእነዚህ ዓመታት ሁለት ማሽን ተበላሽቶብኛል፣ ሦስተኛው እየሠራ ነው። ጎረቤትሽ ያለችው ውሸት አይደለም፤ ግን ለምን እንደሚበላሽ አልነገረችሽም። እሱን ካወቅሽ ደግሞ አብዛኛውን መከላከል ትችያለሽ።

ከማጥራቱ ልጀምር። ማሽኑ ውስጥ ያለው ዋና ነገር ሁለት ነው፤ አየር የሚስብ ፋንና አየሩ የሚያልፍበት፣ ደጋግሞ የተጣጠፈ ማጣሪያ። እውነተኛ ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ ለመያዝ በጣም አስቸጋሪ የሆነውን፣ 0.3 ማይክሮን የሚያህለውን ብናኝ እንኳ 99.97 በመቶ ያስቀራል። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነውና ከዚያ ገምቺው። የጭስ ብናኝ፣ ባጃጅ የሚያስነሳው አቧራ፣ የሻጋታ ብናኝ ሁሉ እዚያ ይቀራል።

እኔን ያሳመነኝ ኅዳር 12 ነው። በ1911 ዓ.ም. ስንቱን ቤት የዘጋውን የኅዳር በሽታ ምክንያት አድርጎ በየዓመቱ ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻ እንደሚቃጠል ታውቂያለሽ። የዛሬ ሦስት ዓመት እኛ ሰፈር ከሰዓት በኋላ ጀምሮ በየደጃፉ ሲጨስ ቆየ፤ የፕላስቲክ ሽታ ያለው ወፍራም ጭስ ነው። መሸት ሲል የልጆቹ መኝታ ክፍል ውስጥ ያለው ማሽን የደቃቅ ብናኙን መጠን በሜትር ኩብ 190 ማይክሮግራም ብሎ አሳየ። መስኮቱን ዘጋሁ፣ ከበሩ ሥር እርጥብ ፎጣ ጎዘጎዝኩ፣ ፋኑን የመጨረሻው ፍጥነት ላይ አደረግኩት። በ20 ደቂቃ 90 ደረሰ፣ በ45 ደቂቃ 30። ልጄ ያን ሌሊት ፓፍ፣ ማለትም በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒቷን፣ ሳትጠይቅ አደረች። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በዚያው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ሆስፒታል ይዘናት ሮጠናል። የአንድ ሌሊት ነገር ነው፣ እንደ ጥናት ቁጠሪልኝ አልልም፤ ለእናት ግን ትልቅ ነው።

ያን ዕለት ግን ቁጥሩ ከ30 በታች አልወርድም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የደቃቁ ብናኝ የ24 ሰዓት አማካይ በሜትር ኩብ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይላል። ለምን አልወርድም እንዳለ ገባኝ፤ ቤታችን የድሮ የጭቃ ቤት ነው፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ነው፣ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። ማሽኑ በአንድ በኩል ሲያጠራ ጭሱ በላይ በኩል ይገባል። ባለቤቴ የዚያን ክፍል ኮርኒስ በቺፕዉድ አስለወጠው፣ ዳር ዳሩን በሲልከን ዘጋው፤ ከዚያ በኋላ ያው ማሽን ከ15 በታች ማውረድ ጀመረ። ቤትሽ እንዲህ ያለ ከሆነ ከማሽኑ በፊት ለኮርኒሱ አውጪ። ለሙሉ ቤት አቅም ከሌለ ልጁ የሚተኛበትን አንድ ክፍል ብቻ።

አሁን ደግሞ የማይሠራውን። ይህን በጣም በጥንቃቄ አንብቢልኝ። ማሽኑ የከሰልን መርዝ አያስቀርም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ነው፤ ሄፓውም ያልፈዋል፣ ሽታ የሚይዘው ጥቁሩ የካርቦን ማጣሪያም አይዘውም። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። በክረምት ብርድ ጊዜ «ከሰል መታቸው» ሲባል የምንሰማው እሱ ነው። ማጣሪያ ገዝተናል ብሎ መስኮት ዘግቶ ከሰል ቤት ውስጥ ማስገባት ልጅን መግደል ነው። አረንጓዴ መብራት እያሳየ ሰው ሊሞት ይችላል፣ ምክንያቱም ማሽኑ የሚቆጥረው ብናኝ እንጂ ይህን ጋዝ አይደለም።

ነጭ ጋዝ የምትጠቀሚ ከሆነም አስቢበት። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት የተሠራው እዚሁ ጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር ነበር፤ አስም ከገጠሩ ይልቅ ከተማው ላይ በዝቶ ተገኘ። በዚሁ አካባቢ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ቤት ውስጥ ነጭ ጋዝ መጠቀምን ከአለርጂ ጋር አያይዞታል። ስለ ሩቅ አገር ቤት ሳይሆን ስለ እኛው ማድቤት የተጻፈ ስለሆነ ነው የማነሣልሽ።

ቡናውስ? ጅማ ላይ ቡና ተው የሚባል የለም። አማቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ያፈላሉ፣ ዕጣኑም አለ። መጀመሪያ ማሽኑን ሳሎን አድርጌ ቡናው ሲቆላ ልታገለው ሞከርኩ፤ ቁጥሩ ከ400 አልፎ ፋኑ ሲጮህ ያመሻል። አልተከራከርኳቸውም። አንድ ቀን ሲቆሉ ቁጥሩን ብቻ አሳየኋቸው። ብረት ምጣዱን ይዘው ትንሽ ዝም አሉና ተነሥተው ምድጃውን በረንዳ ላይ አወጡት። «ለልጄ ትንፋሽ ከሆነ በረንዳውም ቤቴ ነው» አሉ። አሁን ቆልተው ጭሱ ካለቀ በኋላ ይገባሉ፣ ዕጣኑም ትንሽ ብቻ፣ በር ተከፍቶ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከሦስቱ ማሽኖች ሁሉ የበለጠ የጠቀመን ይህ ነው። ማሽኑ ውጭ የማናስቀረውን ጭስ ነው የሚይዝልን።

የፍራሽ ነገርም አለ። ከተማችን እርጥብ ናት፣ የአቧራ ነፍሳት ፍራሽና ብርድ ልብስ ውስጥ ይራባሉ። ብናኛቸው ከበድ ስለሚል ቶሎ ይወርዳል፣ አየር ላይ ብዙ አይቆይም፤ ስለዚህ ማሽኑ ብዙም አያገኘውም። አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ውኃ ማጠብ፣ ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ከማቦነን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይሻላል። ፓፉንና የሐኪሙን መድኃኒት ደግሞ ማሽን ገባ ብለሽ እንዳታቋርጪ።

ወደ መበላሸቱ ልምጣ። የመጀመሪያው ማሽናችን የመጣው ልክ እንዳንቺው ከአሜሪካ ነው። 110 ቮልት ነበር፤ የእኛ 220 ነው። በቀጥታ ቢሰካ ወዲያው ይቃጠላል፣ ስለዚህ ትራንስፎርመር ገዛን። ችግሩ እዚያ አላበቃም። በጣት የሚነካ ቁልፍ ያለው ዓይነት ስለነበር መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሱ አይነሣም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ልጄ ስትስል እነቃለሁ፣ ማሽኑ ጠፍቷል፤ መብራቱ የመጣው ከሦስት ሰዓት በፊት ነው። በመጨረሻ አንድ የሐምሌ ማታ መብራት ሄደ መጣ፣ ሄደ መጣ ሲል ጭጭ አለ። ጥገና ቤት ወሰድኩት። ጠጋኙ ፈትቶ ቦርዱን አሳየኝ፤ የጣት ጫፍ የምታክል፣ ካፓሲተር የምትባል የቦርዱ ዕቃ አናቷ እንደ ቂጣ አብጦ ተሰንጥቋል፣ አጠገቧ ቦርዱ ጠቁሯል። ፋኑ ደህና ነው፣ ማጣሪያው ደህና ነው። «እቃው አልተበላሸም እኮ፣ መብራቱ ነው የመታው» አለኝ። ለዚያ ሞዴል የሚሆን ቦርድ ግን አልተገኘም።

ሁለተኛውን አዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ ገዛሁ፣ 220 ቮልት። እሱን የገደለው መብራት አይደለም፣ ማጣሪያ ማጣት ነው። ማጣሪያ አላቂ ነገር ነው፤ እንደ ጭሱ ብዛት ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ነው። ስገዛ «ማጣሪያው ሁልጊዜ አለ» ተብዬ ነበር፤ በዓመቱ ስደውል ያ ሞዴል ቀርቷል ተባልኩ። ልኩ የሚጠጋ ሌላ አምጥተው ሰጡኝ፤ ዙሪያውን ግማሽ ጣት ክፍተት አለው። አየር ደግሞ የሚሄደው በቀለለው በኩል ነው፣ ሳይጣራ በጎኑ ያልፋል። አሮጌውን አጥቤ ልጠቀምበት ብዬም ሞከርኩ፤ ሲደርቅ ተኮማተረ። ሄፓ አይታጠብም፣ ውኃ ሲነካው ደቃቁ ክር ይበላሻል። የሚታጠበው ከፊት ያለው ወንፊት ብቻ ነው፤ እሱን በየሁለት ሳምንቱ አቧራውን አራግፊለት፣ ዋናው ማጣሪያ ዕድሜ ይጨምራል።

ክረምት ላይ ሌላ ነገር ትሰሚያለሽ፦ ማሽኑ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ማውጣት ይጀምራል። የካርቦኑ ማጣሪያ እርጥበትና ሽታ ጠጥቶ ሲሞላ ነው። ልብስ ቤት ውስጥ ተሰጥቶ፣ ማሽኑ ለቀናት ጠፍቶ ከቆየ ይብሳል። ጭርሱኑ ከማጥፋት ዝቅ ባለው ፍጥነት ማቆየት ይሻላል። እርጥበቱ ብናኝ የሚቆጥረውን ሴንሰርም ያሳስታል፤ ሴንሰሩ በብርሃን ስለሚቆጥር የማንቆርቆሪያ እንፋሎትን አቧራ ነው ብሎ ቀይ ያበራል። ሌንሱ ላይ አቧራ ሲቀመጥበትም ቁጥሩ የማይታመን ይሆናል። ጎኑ ላይ ትንሽ ክዳን አለች፤ ማሽኑን ነቅለሽ በጥጥ ጥረጊያት። «ማጣሪያ ቀይሩ» የምትለው መብራትም ብዙዎቹ ላይ የሠራበትን ሰዓት ብቻ ነው የምትቆጥረው፣ ማጣሪያውን አታየውም። አውጥተሽ በዓይንሽ እይው፤ እጥፋቱ ውስጥ ድረስ ከጠቆረ ጊዜው ደርሷል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ማሽኑ ምንም ለውጥ አላመጣም ብሎ ሊሸጠው ነበር። ቤቱ ሄጄ ከፈትኩት፤ ማጣሪያው ከነፋብሪካው ላስቲክ ነው የተቀመጠው። አራት ወር ሙሉ ፋን ብቻ ነው ሲያሽከረክር የነበረው። ይህ ብዙ ቤት የሚያጋጥም ነገር ስለሆነ ከሶኬት በፊት ክዳኑን ከፍተሽ ላስቲኩን አውልቂ።

እንግዲህ ወንድምሽ ምን ይግዛ? ካርቶኑ ላይ «እስከ 100 ካሬ» የሚለውን አትመኚ፣ ብዙ ጊዜ አየሩ በሰዓት አንዴ ብቻ ሲዞር ታስቦ የተጻፈ ነው። በሰዓት የሚያጠራውን አየር በሜትር ኩብ የሚገልጸውን ቁጥር ፈልጉ። የእኛ መኝታ ቤት 4 በ3፣ ከፍታው 2.6 ሜትር ነው፤ 31 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። በሰዓት አምስት ጊዜ እንዲዞር 156 ያስፈልጋል ማለት ነው። ያ ቁጥር ግን የተለካው በከፍተኛው ፍጥነት ነው፣ ሌሊት በዚያ ድምፅ ልጅ አይተኛም፤ ስለዚህ እጥፍ የሚሆነውን፣ 300 አካባቢ ያለውን ገዛሁ፣ ዝቅ አድርጌ አሳድረዋለሁ። መብራት ይበላል ብለሽ አትፍሪ፣ 40 ዋት የሚወስድ ማሽን አሥር ሰዓት ቢሠራ 0.4 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው።

«ሄፓ ዓይነት» ወይም «ሄፓ መሰል» የሚል ከሆነ ይተወው፣ እውነተኛው ሄፓ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። «አዮን» የሚል ቁልፍ ካለው የሚጠፋ መሆኑን ያረጋግጥ፤ አንዳንዶቹ ኦዞን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፣ ኦዞን ደግሞ ራሱ የአስም ሕመምተኛን ሳንባ ያስቆጣል። ኦዞን በማውጣት አየር ያጸዳል የሚባለውንማ ጨርሶ አያምጣው። የሚዞር ቁልፍ ያለው ቢሆን እመርጣለሁ፤ የእኔ ሦስተኛው እንዲያ ነው፣ ስልክ ጋር አይገናኝም፣ ጌጥ የለውም፣ መብራት ሲመለስ ግን ራሱ ይነሣል። የሰካሁት በስታቢላይዘር ነው፤ ከፊቱ ደግሞ ለፍሪጅ የሚሸጠው፣ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ የሚለቀው መጠበቂያ አለ። ሁለተኛ ክረምቱን አልፏል።

ማጣሪያ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ትርፍ ይዞ ይምጣ። ቀላል ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ከልብስ ጋር ይገባል፤ እዚህ ሆነሽ ስትፈልጊው ነው የሚከብደው። ላስቲኩን ሳትከፍቺ ደረቅ ቦታ አስቀምጪው።

ከመግዛቱ በፊት የማሽኑን ጀርባ፣ ቮልት የተጻፈበትን፣ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። «100–240» ካለ ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል፤ «120» ብቻ ካለ ሌላ ይፈልግ። ፎቶውንና የክፍሉን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ እዚሁ ለጥፊው፣ ማታ ማታ እገባለሁ፣ አይልሻለሁ።